በሥራ ላይ ስለሚደርስ የአእምሮ ጉዳትና ስለ ካሣው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



  ከዚህ በታች የሚነበበው በጉባኤው ላይ የተናገርነው ነው። ለመጽሔታችን እንዲመች እዚህም እዚያም ቃሉን አቃናነው እንጂ ሐሳቡን አልነካነውም።

እኛ የሕግ ምሁር አይደለንም፤ ሐኪምም አይደለንም። ትምህርታችን የአንደኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን ጡረታ እስክንወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ተቀምጠን ገቢና ወጪ ደብዳቤ ስንመዘግብ፣ ፋይል ስንከፍትና ስንዘጋ ስለኖርን አንድ ነገር ተምረናል። ይኸውም፦ ድኻ መብቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት በማጣት ነው። ሕጉ አለ፤ እውነቱም አለ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ወረቀት ግን የለም። ዛሬ የምንናገረውም በሥራ ምክንያት አእምሮው ስለሚጎዳ ሰው፣ ስለ ካሣውና ስለዚሁ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሰው በሥራ ላይ ሳለ ማሽን እጁን ቢቆርጠው፣ ከፎቅ ቢወድቅ፣ ብረት ዓይኑን ቢመታው ነገሩ ግልጽ ነው። ደሙ ይታያል፤ ጀሶው ይታያል፤ ክራንቹ ይታያል። ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይጠይቀዋል፤ አሠሪውም አልተጎዳም ብሎ ለመካድ ይቸገራል። ታዲያ ሌሊት ጥበቃ ላይ ሳለ ሌቦች መጥተው እጁን የፊጥኝ አስረው፣ ጩቤ አንገቱ ላይ አኑረው፣ ንብረቱን ጭነው የሄዱበት ዘበኛስ? ገላው ላይ ጭረት እንኳ ላይኖር ይችላል። ሲነጋ «ተመስገን፣ ነፍስህ ተረፈች» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሰደዳል። ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ የለውም። ቢተኛም ጮኾ ይነሳል። በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ወደዚያ ግቢ መሄድ ሞት ይመስለዋል። ከልጆቹ ጋር ሳይቀር ይጋጫል።

ዘበኛው ብቻም አይደለም። ድንገት መንገድ የገባ ሕፃን የገጨበት ሾፌር፣ ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም እንኳ፣ መሪ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሽጉጥ የተደገነባት የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ ጓደኛው ዓይኑ እያየ አፈር ተንዶበት የሞተበት የግንባታ ሠራተኛ፣ በሽተኛ የደበደባት ነርስ፣ ሁሉም በዚሁ ረድፍ ናቸው።

ሐኪሞች ለዚህ ነገር ስም አላቸው፤ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚከተል የጭንቀት ሕመም ነው ይላሉ። ምልክቱም ያው የተናገርነው ነው፦ ቅዠት፣ ነገሩ እንደ አዲስ በዓይን ላይ መምጣት፣ ቦታውንና ነገሩን የሚያስታውስ ሁሉ መሸሽ፣ ሁልጊዜ መበርገግ። አብዛኛው ሰው ከድንጋጤው በጊዜ ብዛት ይወጣል። ምልክቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ሥራውንና ኑሮውን ካሰናከለ ግን ሕመም ነው፤ ይታከማል። በምክክር የሚደረግ ሕክምና አለው፤ እንደ ሁኔታው መድኃኒትም አለው።

ሌላም ዓይነት አለ። ይኸኛው ድንገት አይመጣም፤ እንደ ጠብታ ቀስ በቀስ ነው። ቀን ከሌት ያለ ዕረፍት መሥራት፣ የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው መጫን፣ አለቃ በሰው ፊት በየቀኑ ሲያዋርድ መስማት። በመጨረሻ ሰውዬው ምግብ ይጠላል፤ ነገር ሁሉ ይጨልምበታል፤ «ለምን ኖርኩ» ማለት ይጀምራል። ይህን ድባቴ ይሉታል። ይህም ሕመም ነው፤ ይህም ይታከማል።

እኛ በሰፈር ምን እንላለን? «ለክፎት ነው» እንላለን። «ሰው ነክቶት ነው» እንላለን። «ሰነፈ፣ ሥራ ጠላ» እንላለን። እንቅልፍ ቢያመጣልኝ ብሎ አረቄ ሲጀምር ደግሞ «ጠጪ ሆነ» ብለን እንደመድማለን። አማኑኤል ሆስፒታል ሄደ ማለት እንደ ስድብ የሚቆጠርበት አፍ ገና በመካከላችን አለ። አማኑኤል እኮ የሕክምና ቤት ነው! እግሩ የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ሲሄድ ማንም አይስቅበትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶች የተናገሩት ለሆድ ቁርጠት ብቻ አይመስለንም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። እኛ ባገለገልንበት መሥሪያ ቤት የአደጋ ማስታወቂያ የሚባል ፎርም ነበረ። በመካከሉ «የተጎዳው የአካል ክፍል» የሚል መስመር አለው። እጅ፣ እግር፣ ወገብ እየተባለ ይሞላል። አእምሮው የተጎዳ ሰው ግን ምን ብሎ ይሙላው? አንድ ዘበኛ እንደዚያ ያለ ሌሊት ደረሰበት። ጧት የተጻፈው ሪፖርት ሁለት ገጽ ነው። የተሰረቀው ዕቃ አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ስለ ሰውዬው ያለው ግን አንድ መስመር ነው፦ «በዘበኛው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።» ቀጥሎ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገባ፤ ከሥራ ቀርተሃል የሚል። ቀጥሎ ሰክሮ ተገኝቷል የሚል ማስታወሻ ገባ። በመጨረሻ በሰው እጅ የተጻፈ፣ እሱ የፈረመበት አንድ ወረቀት ገባ፤ «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄአለሁ» ይላል። ፋይሉ ተዘጋ። በፋይሉ ውስጥ አምስት ወረቀት አለ፤ ሰውዬው እንዴት እንደ ተጎዳ የሚናገር ግን አንድ የለም። ማንም ዳኛ ያንን ፋይል ቢያነበው የሚያየው ሰነፍና ሰካራም ሰው ነው።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከእሱ በፊት 64/1968፣ ቀጥሎ 42/1985፣ ቀጥሎም 377/1996 ነበሩ። አዋጁ በሥራ ላይ የሚደርስን ጉዳት በሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ አደጋ ነው፤ ሁለተኛው በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ነው።

አደጋ የሚለው ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ሁኔታ፣ ከራሱ ውጭ በሆነ ምክንያት ወይም ሥራውን ለመሥራት ባደረገው ጥረት፣ በድንገት የሚደርስበትን ጉዳት ነው። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው አለ። ሕጉ የሚናገረው ስለ አካል መጉደል ብቻ አይደለም፤ አካል የተፈጥሮ ተግባሩን ማከናወን ሲሳነውም ጉዳት ነው ይላል። ሦስተኛ ወገን በሥራ ሰዓት ያደረሰውንም ጉዳት ይጨምራል። እንቅልፍ ያጣ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ማሰብ ያቃተው ሰው ተግባሩ ተሰናክሏል አልተሰናከለም? በእኛ አስተያየት የሌሊቱ ዘበኛ በዚህ በር ሊገባ ይገባዋል። ድንገተኛ ነው፤ ከራሱ ውጭ የመጣ ነው፤ በሥራ ላይ ሳለ ነው።

ሁለተኛው በር ግን ጠባብ ነው። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም አዋጁ የሚያነሣው ፊዚካል፣ ኬሚካልና ባዮሎጂካል ነገሮች ያመጡትን ሕመም ነው። ጫጫታ፣ አቧራ፣ መርዝ፣ ተሕዋስያን ማለት ነው። የአለቃ ስድብና የሥራ ብዛት እዚያ በስም አልተጻፈም። የሚገርመው ግን ይኸው አዋጅ የአሠሪን ግዴታ ሲዘረዝር፣ የሥራው ሂደት በሠራተኛው ላይ ፊዚካል፣ ኬሚካል፣ ባዮሎጂካል፣ ኤርጎኖሚክና ሥነ ልቦናዊ አደጋ እንዳያስከትል አሠሪው ጥንቃቄ ያድርግ ይላል። እንግዲህ ሥነ ልቦናዊ የሚለው ቃል በግዴታው በኩል አለ፤ በበሽታው ትርጉም በኩል ግን የለም። ቀስ በቀስ ለሚመጣው ሕመም ካሣ መጠየቅ የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው። በዝርዝር ውስጥ ስሙ የገባ በሽታ ለሠራተኛው ይቀለዋል፤ በሥራው ምክንያት እንደ መጣ ይቆጠርለታል። ያልገባውን ግን ሠራተኛው ራሱ ማስረዳት አለበት። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የአእምሮ ሕመምን፣ ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚመጣውን ጭምር፣ በስሙ ጽፎታል። መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ይህ ያሳያል።

ሌላ መታወቅ ያለበት፦ አሠሪው የሚጠየቀው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ነው። «እኔ ምን አደረግሁ? ሌባ ነው ያስደነገጠው» ማለት አያድነውም። የሚድነው ሠራተኛው ጉዳቱን ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካመጣ ነው። ግልጽ የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባት እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። እንግዲህ ለእንቅልፍ ተብሎ የተጀመረች አረቄ ጤናን ብቻ ሳይሆን ክርክርንም ታበላሻለች።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ሒሳብ ለጸሐፊ ይቀለዋል። ወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው አሞት ሥራ አቆመ እንበል። ሕመሙ እንደ ተራ ሕመም ከተቆጠረ፣ አዋጁ የሚሰጠው የሕመም ፈቃድ እስከ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ 6,000 ብር። ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ ግማሽ፣ 6,000 ብር። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ። ድምር 12,000 ብር።

ሕመሙ በሥራ ምክንያት የደረሰ ጉዳት ነው ከተባለ ግን ክፍያው እስከ አንድ ዓመት ይዘልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሙሉ፣ 18,000 ብር። ቀጣዮቹ ሦስት ወሮች ከመቶ 75 ያላነሰ፣ 13,500 ብር። የቀሩት ስድስት ወሮች ከመቶ 50 ያላነሰ፣ 18,000 ብር። ድምር 49,500 ብር። ልዩነቱ 37,500 ብር ነው። በዚህ ላይ የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ለዘለቄታው ከሠራተኛነት ከወጣ ደግሞ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይወስንና እንደ ሁኔታው የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት ይከተላል። እንግዲህ «በሥራ ምክንያት» የምትለው ሁለት ቃል በሐኪሙ ወረቀት ላይ መኖርና አለመኖሯ ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ዓመት እንጀራ ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር በኖርዘምበርላንድ የአውራጃ ምክር ቤት የማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊ የነበረ አንድ ሰው፣ በደል የደረሰባቸውን ሕፃናት ጉዳይ ሲከታተል ሥራ በዝቶበት በ1986 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ አእምሮው ታወከ። ታክሞ በ1987 ተመለሰ። ረዳት እንሰጥሃለን ብለውት ነበር፤ ረዳቱ ወዲያው ተነሣበት። በዚያው ዓመት እንደገና ታመመ፤ ከሥራም ወጣ። በ1994 ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ለመጀመሪያው ሕመም አሠሪው አይጠየቅም፤ ሊያውቀው አይችልም ነበርና። ለሁለተኛው ግን ይጠየቃል፤ አንድ ጊዜ ታሞ አይቶታል፣ ያውቃል፣ አውቆም አልረዳውም። ልብ በሉ፤ ሁለቱን ሕመሞች የለየው አሠሪው ማወቁ ነው። በጃፓን ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. በአንድ ትልቅ የማስታወቂያ ኩባንያ እንቅልፍ አጥቶ ይሠራ የነበረ ወጣት በድባቴ ተይዞ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ወላጆቹ ተከራክረው በ2000 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ኃላፊ ነው አለ። ዘጠኝ ዓመት ያህል የፈጀ ኀዘን ነው።

ልጆቻችን በአሜሪካም አሉ። በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ሕጉ ለአእምሮ ጉዳት ካሣ ይፈቅዳል፤ አጥርም አለው። ሠራተኛው ለዚያ አሠሪ ቢያንስ ስድስት ወር የሠራ መሆን አለበት፤ ድንገተኛና ያልተለመደ አደጋ ከደረሰ ግን ይህ ቀሪ ነው። ከሕመሙ ምክንያቶች ሁሉ ሥራው ዋነኛው መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ኃይለኛ ወንጀል ለደረሰበት መለኪያው ይቀላል። በቅን ልቦና የተሰጠ ሕጋዊ የአስተዳደር ውሳኔ፣ ለምሳሌ በአግባቡ የተሰጠ ተግሣጽ ወይም ዝውውር ላስከተለው ቅሬታም ካሣ አይከፈልም። ይህ ተገቢ ይመስለናል። አለቃ የተቆጣን ሰው ሁሉ ካሣ ይጠይቅ ማለታችን አይደለም። እንዲያ ከሆነ እውነተኛው ተጎጂ ከአስመሳዩ ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

መቼም «ታዲያ ምን እናድርግ?» ትሉናላችሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና ተራ በተራ እንንገራችሁ።

1ኛ/ አደጋው እንደ ደረሰ፣ ገላ ባይቆስልም፣ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ለአሠሪው ማስታወቅ። አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ወንጀል ከሆነ የፖሊስ ቃል ሲሰጥ ስለ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ራስም መናገር ይገባል። «አንገቴ ላይ ጩቤ አድርገው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም» ብሎ ማስጻፍ።

2ኛ/ ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመትቶ ወደ ቤት ይዞ መመለስ ነው። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት መላክና ደረሰኙን መያዝ ይቻላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

3ኛ/ ሐኪም ዘንድ በጊዜ መሄድ። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ እኛ አንከለክልም። ግን ሐኪሙም ይታይ፤ ጠበል ቤቱ የሕክምና ማስረጃ አይሰጥምና። ለሐኪሙም «ራሴን ያመኛል» ብቻ ብሎ መመለስ አይበቃም። መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን ከደረሰ በኋላ እንደ ጀመረ ተናግሮ በካርዱ ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

4ኛ/ ከሥራ ከመቅረት በፊት ወይም በቀሩ ማግሥት ማሳወቅ፤ የሐኪሙን ወረቀትም ማስገባት። ያለ ወረቀት የቀረ ሰው እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ይሰናበታልም።

5ኛ/ በሕመም ላይ ሳሉ የመልቀቂያ ወረቀት አለመፈረም። «ይሻልሃል፣ ፈርምና ዕረፍ» የሚል ወዳጅ አይታጣም። ከመፈረም በፊት ለቤተሰብ፣ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ካልሆነም ለዕድሩ ጸሐፊ ማሳየት አይከፋም።

6ኛ/ ጊዜን መጠበቅ። በሥራ ግንኙነት የሚነሣ ክስ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነለት በስተቀር በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ከዚህ ያጠረ ጊዜ የተወሰነላቸው ጉዳዮችም አሉ። የአእምሮ ሕመምተኛ ደግሞ ቀን አይቆጥርም፤ ቀኑን የሚቆጥርለት ቤተሰብ ነው። ሠራተኛ በሥራ ጉዳይ ሲከስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም፤ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብሎ መቅረት አይገባም።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ምሳሌውን እነሆ፦

«ለ……………
ቀን……………
በ…… ቀን ከሌሊቱ …… ሰዓት በ…… በጥበቃ ሥራ ላይ ሳለሁ ያልታወቁ ሰዎች አስረውኝ በጩቤ አስፈራርተውኛል። በቦታው የነበሩ ምስክሮች …… ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ያስደነግጠኛል፤ ሥራዬን ማከናወን ተስኖኛል። ይህ በሥራዬ ላይ ሳለሁ የደረሰብኝ ጉዳት ስለሆነ እንዲመዘገብልኝና ሕክምና እንዳገኝ እጠይቃለሁ።
ፊርማ……………»

ይኸው ነው። ዐሥር መስመር አትሞላም። ግን በዚያ በተዘጋው ፋይል ውስጥ ይህች አንዲት ወረቀት ኖራ ቢሆን ኖሮ የሰውዬው ነገር ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው በአዋጁ ለሚተዳደር ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ይተዳደራል፤ እሱም ለሥራ ጉዳት የራሱ ድንጋጌ አለው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆቻችን ግን ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ የእነሱ ሁኔታ በደንብ ይወሰናል ተብሎ ተለይቶ ቀርቷል። ወረቀት ብንጽፍላቸውም በዚህ በር አይገቡም። ለእነሱ ያለን ጥየቃችንና ሕክምና ማድረሳችን ነው። ደግሞም ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ የሚረታ ሰው ይኖራል፤ ሕጉ ለአእምሮ የከፈተው በር ጠባብ ነውና። ሆኖም ወረቀት ያለው ሰው ተከራክሮ ይረታል ወይም ይረታበታል፤ ወረቀት የሌለው ሳይከራከር ያልቅለታል።

በመጨረሻ ወደ ዕድራችን እንመለስ። የእኛ ዕድር ሥራው ምንድነው? ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማውጣት፣ መቅበር፣ ሣልስት ድረስ ኀዘንተኛ ማጽናናት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንነካውም። ነገር ግን እስቲ እንጠያየቅ። ሰው ሲሞት ሁለት መቶ ሆነን እንመጣለን። በሥራ ላይ ደንግጦ ቤቱ የተቀመጠ፣ ሚስቱ ሰው እንዳያየው በር የዘጋችበት ሰው ዘንድ ግን ስንት ሆነን ሄድን? እሱም እኮ አባል ነው፤ መዋጮውን ከፍሏል። የጃፓኑን ልጅ ነገር ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ሕመም ሳይታይ ከቀረ ወደ ድንኳናችን ሊያመጣን ይችላል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በሥራ ላይ አስደንጋጭ ነገር የደረሰበት አባል ወይም የአባል ልጅ ሲኖር፣ ገላው ባይቆስልም፣ እንደ ታመመ ሰው እንዲጠየቅ ይሁን። ጠያቂዎቹም «ተው እርሳው» ማለቱን ትተው ቢያዳምጡት ይበጃል። ሁለተኛ፣ መጻፍ የሚችሉ ሁለት አባሎች ተመርጠው ቤተሰቡ ደብዳቤውን እንዲያዘጋጅ፣ ቅጂውን ማኅተም አስመትቶ እንዲይዝ፣ ቀኑን እንዲቆጥር ይርዱ። እኛ በበኩላችን ዓይናችን እስከፈቀደልን ድረስ አንዱ ለመሆን ፈቃደኞች ነን። ሦስተኛ፣ ሆስፒታል አብሮ የሚሄድ ሰው ይመደብ። አማኑኤል ብቻውን መሄድ ያፈረ ሰው ጎረቤት አብሮት ሲሰለፍ ሐፍረቱ ይቀልለታል። ለዚህ ሁሉ ከዕድሩ ሣጥን የሚወጣ ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ያህል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ሐሳባችንን ጉባኤው ተወያይቶ እንዲወስንበት ለሥራ አመራሩ በጽሑፍ አስገብተናል፤ ቅጂውም በእጃችን ነው።  ለታመሙት ምሕረትን፣ ላዘኑት መጽናናትን፣ ለሁላችንም ሰላምና ጤና ፈጣሪ ይስጠን።